ሶፍትዌሩ ስህተት ሲያገኝ ቁጥሩን ለመቀየር አትቸኩዪ

ፔፐርሽን ለጆርናል ከመላክሽ በፊት በየትኛው ሶፍትዌር ብታስፈትሺው እንደሚሻል፣ አንዱ ብቻ ይበቃ እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ ጋ አንዱ በቅቶ አያውቅም። እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ስህተት ነው፣ ሌላውን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ስታቲስቲክስ ካለበት የስታቲስቲክስ ውጤቶችን ከሚፈትሸው ከስታትቼክ ጀምሪ። ነፃ ነው፣ ፋይሉን ትጭኛለሽ፣ እሱ ደግሞ የጻፍሻቸውን ቁጥሮች ይዞ ፒ ቫልዩውን (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት የመገኘት ዕድሉን) እንደገና ያሰላዋል። ለምሳሌ አማካዮችን በሚያነጻጽረው ቲ ቴስት ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ከናሙናው መጠን የሚመጣው ቁጥር) 28፣ ቲ 1.90 ሆኖ ፒ 0.034 ብትዪ ይይዝሻል። ልዩነቱን በሁለቱም አቅጣጫ በሚፈትሸው በቱ ቴይልድ ቴስት 0.068 ነዋ! ከተለመደው 0.05 ገደብ ስላለፈ፣ ጉልህ ልዩነት አለ ያልሽው ነገር ወደቀ ማለት ነው። ደግሞ የግድየለሾች ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። መሣሪያውን የሠሩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2013 በስምንት የሥነ ልቦና ጆርናሎች የወጡ ጽሑፎችን ሲፈትሹ፣ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ የማይገጥም ፒ ቫልዩ ተገኝቶባቸዋል። ከስምንቱ አንዱ ላይ ደግሞ ስህተቱ ድምዳሜውን ሊገለብጥ የሚችል ነበር። ግን ስታትቼክ የሚያነበው በኤፒኤ (በአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር) አጻጻፍ የተቀመጠውን ነው፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠዋል። ምንም አላገኘሁም ሲልሽ ሁሉንም አይቶታል ብለሽ አትመኚ።

እኔን በጣም የጠቀመኝ ግን ኒክ ብራውንና ጄምስ ሄዘርስ ያወጡት ግሪም የሚባለው የአማካይ ቁጥሮች ፍተሻ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መልሶቹ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ድምራቸውም ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት፣ አማካዩም ያ ድምር ለሰዎቹ ብዛት ሲካፈል የሚመጣ ነው። አንድ ረቂቄ ላይ ከ1 እስከ 5 በሚመለስ ጥያቄ 28 ሰዎች፣ አማካይ 3.45 ብዬ ነበር። አይሆንም አለኝ። በካልኩሌተር ሞከርኩት፤ 96 ለ28 ሲካፈል 3.43፣ 97 ለ28 ደግሞ 3.46፤ መሃል ላይ ምንም የለም። መጀመሪያ የመጣልኝ 3.46 ብሎ ማለፍ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጥሬ ዳታውን ስከፍት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ 29 ሰዎች ነበሩ፣ ድምሩም 100። አንዱን ሰው ካስወጣሁ በኋላ የሰዎቹን ቁጥር አስተካክዬ ሠንጠረዡን ሳላድስ ቀርቻለሁ። 3.45ን ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ የቀረው ሠንጠረዥ በሙሉ አሮጌ ሆኖ ይሄድ ነበር። አንድም ቁጥር አልተረፈም፣ ሁሉንም እንደገና ሠራሁት።

ጽሑፍሽ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳዩትን የተመሳሳይነት መፈተሻዎች በተመለከተ ፐርሰንቱ አያስጨንቅሽ፣ የዘዴ ክፍል ከሌላው ጋር መመሳሰሉ አይቀርም። ቀለም የተቀባውን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ አንብቢ። ዋቢዎችሽን ዞቴሮ በሚባለው የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ ካስቀመጥሽ ከኅትመት የተሰረዘ ጽሑፍ ሲኖር ምልክት ያሳይሻል፣ ይህን ብቻ ለማየት እንኳ መጫን ይገባዋል። ቻትጂፒቲን ቋንቋ ላይ እጠቀመዋለሁ። የሌለ ጽሑፍ ደራሲና ዓመት ሰጥቶ ስለሚጠቅስ ግን እሱ የጠቆመሽን ዋቢ ገጹን ከፍተሽ ሳታዪ አታስገቢ።

ጥያቄው ራሱ የሚረባ መሆኑን፣ ናሙናው ለጥያቄው መመጠኑን የሚነግርሽ ሶፍትዌር አላገኘሁም። ለዚያ ሥራሽን የማያውቅ አንድ ባልደረባ ፈልጊና ረቂቁን ከሠንጠረዦቹ ጋር ስጪው።