አባይን ተሻግሮ በጌምድር፦ የጢስ አባይ የእግር መንገድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። አባቴ «አባይን ተሻግራችሁ ኮረብታው ላይ ስትወጡ በድሮው ወሰን በጌምድር ገባችሁ ማለት ነው» ይሉናል። የ60 ዓመት እናቴን ጨምሮ አምስት ሆነን ጢስ አባይን በእግር ልንዞር አስበናል። ወሩ የትኛው ይሻላል? በየትስ እንጀምር? ሁለቱን አገር ያዋጋውስ ምን ነበር?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። አባይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲለይ የኖረ ወሰን ነው። የጢስ አባይ ከተማ በጎጃም በኩል ነው፤ ፏፏቴው ፊት ለፊት የሚታይበት ኮረብታ ግን ማዶ ነው።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ ሂዱ። በነሐሴ ውሃው ይበዛል፣ ጭቃው ግን ለእናትዎ ጉልበት አይሆንም። በየካቲትና በመጋቢት የሄደ ደግሞ ውሃ የራቀው ጥቁር ገደል ሊያጋጥመው ይችላል። በ1956 እና በ1993 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫዎች ሲሠሩ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ይጠልፋሉ፤ በ2002 የተመረቀው ጣና በለስም ከሐይቁ ራሱ ይወስዳል። ሲሞላ ግን ወደ 400 ሜትር ስፋት ኖሮት 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ጠይቁና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሡ። በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር ውሃ፣ ለእናትዎ ደግሞ ምርኩዝ ያዙ። የአካባቢውን አስጎብኚ ከመነሻው ቅጠሩ።

መጀመሪያ በድንጋይ ድልድዩ በኩል ውረዱ። ቁልቁለቱ የሰውና የከብት እግር ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ጉልበት ሳይደክም መውረድ ይሻላል። ሶሉ ያለቀ ጫማ እዚህ ላይ ነው የሚያዳልጠው። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠራ ለማወቅ ጠጋ ብሎ ወደ ታች ማየት ይበቃል፤ ያ ሁሉ አባይ ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይታፈናል። እዚህ ትንሽ ቆዩ፣ የመንገዱ ምርጥ ቦታ ይኸው ነው።

ጠቡም መሻገሪያውን ካላዩት አይገባም። ክረምት ሲገባ ሙላቱ ጦርንም ነጋዴንም ያግዳል፤ ስለዚህ መሻገሪያውን የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነበር። በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ የሆነውን እንይ። በኅዳር 1845 የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ጦር ተሸንፈው ከጣና ሰሜን ጉር አምባ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ የበጌምድሩ ገዥ፣ የደብረ ታቦሩ ራስ አሊ፣ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ በዚሁ በካሣ ጦር ተሸነፉ። የጎጃሙ በጎንደር ምድር፣ የበጌምድሩ በጎጃም ምድር።

ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው። እናትዎ በየ10 ደቂቃው ይረፉ፤ ጥላው ጥቂት ነው። ጤፍ ካለበት በማሳው ዳር እንጂ በመሐሉ አትለፉ። ከመመልከቻው ወርዳችሁ ተንጠልጣዩን የእግረኛ ድልድይ ተራርቃችሁ ተሻገሩ፤ አንድ ላይ ሲረግጡት ይወዛወዛል። መመለሻው ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ነው። ወንዙ በጣም ሲሞላ ጀልባው ስለማይሠራ ሳትነሡ ጠይቁ፤ ካልሠራ በመጣችሁበት ትመለሳላችሁና ሁለት ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ ያዙ።

ጥያቄ፦ ልጆች ከፏፏቴው በታች ቢዋኙስ?

መልስ፦ አይዋኙ። ከወራጁ ኃይል ሌላ፣ በጣና ዳርና በአባይ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ በተለይ ውሃው በተኛበትና ሣር ባለበት ዳር። እግር ያስነከረ ልጅ ካለ ቶሎ በፎጣ አድርቁት። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየበት ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ መግባቱን ንገሯቸው፤ መድኃኒት አለው።