ደንበኛው 1ን ይጫናል፣ ሲስተሙ ግን አይቀበልም

ጥያቄ፦ ለጥሪ ማዕከላችን አስተሪስክ በተባለው የስልክ ጥሪ ማስተናገጃ ሶፍትዌር የድምፅ ምናሌ ዘርግተናል። ደንበኞች ቁጥር ሲጫኑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ «የተሳሳተ ምርጫ» ይላል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ በቅድሚያ የቁልፍ ድምፁ የሚላክበትን መንገድ ፈትሹ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን በአንድ ላይ ያወጣል፤ የ1 ቁልፍ ድምፆች 697 እና 1209 ኸርዝ ናቸው። ጥሪው በጂ.729 (የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ ነው) ተጨምቆ ከመጣ እነዚህ ድምፆች ስለሚዛቡ ሶፍትዌሩ ሊለያቸው ይቸገራል። ሳይጨመቅ የመጣው ጥሪ ግን በደንብ ይሠራል፤ «አንዳንዴ» ያላችሁት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ቁልፉ ከንግግሩ ተለይቶ በአርኤፍሲ 4733 (ለዚሁ በወጣ የኢንተርኔት ደረጃ) እንዲላክ ማድረግ ነው። ፒጄሲፕ በተባለው የአስተሪስክ የጥሪ ክፍል ቅንብር ውስጥ «ዲቲኤምኤፍ ሞድ» (የቁልፍ ድምፅ አላላክ) የሚለውን ወደዚሁ አስተካክሉ፤ መስመር አቅራቢያችሁም እንዲሁ ያድርግ። አንዱ ወገን ብቻ ቢቀይር ችግሩ አይፈታም። ከዚያ ከሞባይልም ከመደበኛ ስልክም እየደወላችሁ ሞክሩ።

ምናሌውንም አደራ! «ለሂሳብ ጥያቄ 1ን ይጫኑ» በሉ እንጂ ቁጥሩን አታስቀድሙ፤ ሰው አገልግሎቱን ሰምቶ እስኪጨርስ ቁጥሩን ይረሳዋል። ምርጫዎቹ ከአምስት ባይበልጡ ይሻላል። ሁለት ጊዜ ተደግሞለት ያልመረጠን ደንበኛ መስመሩን ሳትዘጉበት ወደ ሠራተኛ አስተላልፉት። የምናሌው የድምፅ ቅጂ በ8000 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ይሁን።