የሙቀት ካሜራ ፌስታል ያልፋል፣ መስታወት ግን አያልፍም

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው። በፊልም እንደምናየው የወታደር የሌሊት ካሜራ ግድግዳና ጣሪያ አልፎ ሰው ያሳያል ወይ? ደግሞስ ገበያ ላይ «የሌሊት መነጽር» እየተባለ የሚሸጠው ከዚያ ጋር አንድ ነው ወይ? በቆሎህን ከከርከሮ ለመጠበቅ ልትገዛው እንዳሰብህም ጽፈሃል። እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ማበጠሪያዎች የኃይል ማከፋፈያ ሰሌዳዎችን በሙቀት ካሜራ ስፈትሽ ቆይቻለሁ። የእኔው በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ ቢሆንም ብርሃንና ሙቀት ለወታደር ብለው ሕጋቸውን አይለውጡም።

ግድግዳ አያልፍም። የሙቀት ካሜራ የሚያየው የነገሮችን ገጽ ብቻ ነው። ዓይናችን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር የሆነውን ብርሃን ሲሆን፣ ከሰው ገላ የሚወጣው ጨረር ግን በብዛት በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ይህን ጨረር ጭቃም፣ ብሎኬትም፣ ቀጭን ጣውላም ያስቀረዋል። መዳፍህን ግድግዳ ላይ ጥቂት አሳርፈህ ብታነሣው ካሜራው የአምስቱን ጣቶችህን ምስል ለትንሽ ጊዜ ያሳይሃል። አንድ ጓደኛዬ ይህን አይቶ «ከግድግዳው ጀርባ ሰው አለ!» ብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ የቀረው የራሱ የእጁ ሙቀት ነው።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። እጅህን ስስ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ክተት፤ ለዓይን ምንም አይታይም፣ በካሜራው ግን ጣቶችህ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በተቃራኒው የሚኒባስ መስኮት ላይ ብታነጣጥር ተሳፋሪውን አታየውም፤ የምታየው በመስታወቱ ላይ የተንጸባረቀውን የራስህን ፊት ነው። የካሜራው ሌንስ ከተራ መስታወት የማይሠራውም ለዚህ ነው። በብዛት የሚሠራው ከጀርማኒየም ነው፤ ሲያዩት የተወለወለ ብረት ይመስላል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ጣሪያን በተመለከተ፣ አንድ ምሽት ጅሬን ላይ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ሆኜ ከተማዋን በካሜራዬ ተመልክቻታለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አዲስ ቆርቆሮ የለበሱት ቤቶች እንደ ጥቁር ጉድጓድ ታዩኝ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይላል! ጅማ በረዶ ሆና አይደለም። የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት እምብዛም አያወጣም፤ የሰማዩን ቅዝቃዜ ነው መልሶ የሚያሳየው። የዛገው ቆርቆሮ ግን ወደ እውነተኛ ሙቀቱ የቀረበ ቁጥር ይሰጣል። ከሁለቱም ሥር እራት የሚበላው ቤተሰብ አይታይም።

ይህን ነገር እኔ የተማርሁት በኪሳራ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በአንድ ማበጠሪያ የመዳብ ባስባር (በሰሌዳው ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፍ ጠፍጣፋ ዘንግ) ላይ አነጣጥሬ 36 ዲግሪ አነበብሁና «ደህና ነው» ብዬ ፈረምሁ። በሁለተኛው ሳምንት ብሎኑ ላልቶ መጋጠሚያው ጠቁሮ ተገኘ። ካሜራው አልዋሸም፤ የተወለወለው መዳብ የክፍሉን ሙቀት እያንጸባረቀ ነበር፣ አላዋቂው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ኃይል ሲቋረጥ መዳቡ ላይ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ እለጥፍና፣ ጭነት ሲመለስ ናስትሮውን አነብባለሁ።

ወደ ወታደሩ እንምጣ። በአውሮፕላን ወይም በድሮን ሆድ ሥር የሚንጠለጠለው ኳስ መሰል ነገር ውስጥ የቀን ካሜራ፣ የኢንፍራሬድ (የሙቀት) ካሜራና የሌዘር ርቀት መለኪያ ተጠቃለው ይገኛሉ፤ ኳሱም ንዝረትን በሚያጠፋ ጋይሮ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከእኔው የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ቅዝቃዜ ነው። ረጅም ርቀት የሚያዩት ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ያለዚያ የራሱ ሙቀት ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ጨረር ይውጠዋል። በእኔ ግምት ከአውሮፕላኑ ይልቅ ኳሱን መሥራት ይከብዳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2020 አዘርባይጃንና አርሜኒያ በተዋጉበት በናጎርኖ ካራባህ ጦርነት ሳቢያ፣ ዌስካም የተባለው ኩባንያ ለቱርክ ድሮኖች የሚሠራውን ካሜራ ሽያጭ አግዳ፣ በ2021 ፈቃዱን ሰርዛ ነበር፤ እርምጃው ትርጉም የነበረው ዕቃው በቀላሉ የማይተካ በመሆኑ ይመስለኛል።

ያም ሆኖ ማየትና ማወቅ ይለያያሉ። ጆን ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ «የሆነ ነገር አለ» ለማለት በነገሩ ጠባብ ጎን ላይ 2 ፒክሴል (የምስል ነጥብ) ገደማ ይበቃል፤ ሰው ይሁን እንስሳ ለመለየት ግን 8፣ ዝርዝሩን ለማወቅ ደግሞ 13 ገደማ ያስፈልጋል። የእኔ ካሜራ 160 በ120 ፒክሴል ስለሆነ፣ 20 ሜትር ላይ የቆመ ሰው በወርዱ አራት ነጥብ ቢሆን ነው። የወታደሩ በጠባብ ሌንስ ይህን ርቀት ወደ ኪሎ ሜትሮች ያሳድገዋል።

የእኛ አገር ጫካና ጭጋግ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የቡና ጥላ ዛፍ ቅጠል ጨረሩን ያስቀረዋል፤ በክፍተቱ የሚታየው የትከሻ ወይም የእጅ ቁራጭ ነው። በክረምት ማለዳ ቦዬ ረግረግ ላይ ጭጋግ ሲተኛ የእኔ ካሜራ ከዓይኔ ብዙም አይሻልም። ፀሐይ ከወጣችና ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ነገርና አካባቢው እኩል የሚሞቁበት ሰዓት አለ፤ ያኔ ምስሉ ይጠፋል። ከዚያ አልፎ ልዩነቱ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ታይቷል፦ ማታ አሸዋው ቶሎ ሲቀዘቅዝ፣ ተቀብረው የነበሩት የኢራቅ ታንኮች ሙቀታቸውን ይዘው ስለቆዩ ከአየር ላይ በርተው ታዩ።

አሁን ስለ መነጽሩ። በርካሽ የሚሸጠው በብዛት የሙቀት ካሜራ አይደለም። እንደ ሱቅ የጥበቃ ካሜራ ዓይን የማታየውን ብርሃን በራሱ አምፖል እያበራ፣ ሲመለስለት የሚያይ ነው። ከርከሮው ቅርብ ከሆነ ይጠቅምሃል፤ ሩቅ ከሆነ ወይም ቅጠል ፊቱ ላይ ካለ አይጠቅምህም። ሻጩ «ሙቀት ያያል» ካለህ አትከራከረው። መብራት አጥፋና ሁለት ጀበና አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጥ፤ አንዱ ከእሳት የወረደ፣ ሌላው የቀዘቀዘ። መነጽሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ ካሳየህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።