የዌልስ ገበሬዎች አሥራት አንከፍልም ያሉበት ዘመን፦ ጠይቁኝ

በ1880ዎቹ ሰሜን ዌልስ ውስጥ ስለተነሳው «የአሥራት ጦርነት» ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሥራት በፈቃድ የሚሰጥ አይደለም እንዴ?

እዚያ አይደለም። በሕግ የሚከፈል ዕዳ ነበር። ድሮ ከአዝመራው ከአሥር አንዱ በዓይነት ይሰጥ ነበር፤ በ1836 የወጣ ሕግ ግን ወደ ገንዘብ ለወጠውና መጠኑ በስንዴ፣ በገብስና በአጃ የሰባት ዓመት አማካይ ዋጋ እንዲሰላ አደረገ። በ1880ዎቹ የእርሻ ምርት ዋጋ ሲወድቅ ታዲያ ሒሳቡ ያለፉትን ደህና ዓመታት ይዞ ስለሚመጣ፣ ገበሬው የሸጠው በርካሽ፣ የሚከፍለው በድሮው ዋጋ ሆነ።

ሃይማኖት የለሾች ነበሩ?

በፍጹም! እንዲያውም አጥባቂዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ሜቶዲስት፣ ባፕቲስት ወይም ኮንግሪጌሽናሊስት ናቸው፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶች፤ ጸሎት ቤታቸውን የሚሠሩት፣ ሰባኪያቸውንም የሚያኖሩት ከኪሳቸው አውጥተው ነው። በዚያ ላይ ደጇን ለማይረግጧት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ክፈሉ ይባላሉ። ገንዘቡም ሁልጊዜ ለአጥቢያው ቄስ አይደርስም፤ ኦክስፎርድ ያለው ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ሳይቀር ከዌልስ ገበሬ አሥራት ይሰበስብ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እምቢ ያለ ሰው ምን ይደረግ ነበር?

ከብቱ ይያዛል፣ ከዚያ በሐራጅ ይሸጣል። ግን ማን ይግዛ? የሕግ አስፈጻሚዎቹ ሲመጡ ቀንድ ይነፋል፣ ጎረቤት ከየእርሻው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፣ ግቢው በጩኸት ይሞላል፣ አጫራቹ ላይ የገማ እንቁላል ይወረወራል። ዋጋ የሚጠራ ሰው ይጠፋል። ግንቦት 1887 ላንጉም በምትባል መንደር በተነሳው ግርግር 31 ሰዎች ተከሰሱ፤ ሕዝቡ «የአሥራት ሰማዕታት» አላቸው። በቀጣዩ ወር ሞክድሬ በምትባል መንደር ፖሊስና ወታደር ባለበት ግጭት ተነስቶ ከ80 በላይ ሰው ተጎዳ፣ ከነሱም መካከል ፖሊሶች ነበሩ።

ፖሊስ መደብደብን ትደግፋለህ ማለት ነው?

አልደግፍም። ግን ገበሬዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ቅናሽ ነው፣ ያውም በሰላም። ቅናሽ ያደረጉ ቄሶች ነበሩ፤ ነገሩ የከረረው እምቢ በተባለበት ቦታ ነው።

መሪያቸው ማን ነበር?

ቶማስ ጊ። የዴንቢ ከተማ ሰው፣ ሰባኪም አሳታሚም ነው፤ በዌልስኛ በሚያሳትመው ጋዜጣ ትግሉን መንደር ለመንደር አዳረሰው። በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅም ያኔ ወጣት ጠበቃ ነበርና ከአሥራት ተቃዋሚዎቹ ጎን ቆሟል። በ1890 ፓርላማ የገባው በ18 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው!

በመጨረሻ አሸነፉ?

በከፊል። የ1891 ሕግ ከፋዩ ጭሰኛው ሳይሆን ባለመሬቱ ይሁን አለ። ከብት የመያዙ ጣጣ በዚህ በረደ፣ ባለመሬቱ ግን ኪራይ ላይ ሊጨምርበት ይችል ነበር። በ1914 በዌልስ ያለችው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት እንድትለይ ተወሰነ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እስከ 1920 ዘገየ። ያኔም ቢሆን ክፍያው አልቀረም፤ ገንዘቡ ወደ አካባቢ ምክር ቤቶችና ወደ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዞረ እንጂ። አሥራቱ ራሱ የተሰረዘው በ1936 ነው፤ እሱን የተካው ዓመታዊ ክፍያ ደግሞ እስከ 1977 ቆይቷል።