የአንባቢያን ጥያቄ፦ «የመጀመሪያዋ ሴት» ከተባለ በኋላ ምን ይባላል?

ጥያቄ

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤታችን የሒሳብ ክበብ በየዓመቱ አንድ አፍሪካዊ ምሁር የሚዘከርበት ዝግጅት ያሰናዳል። ዘንድሮ የተመረጡት በ2014 ዓ.ም. ያረፉት ናይጄሪያዊቷ ፕሮፌሰር ግሬስ አሌሌ-ዊሊያምስ ናቸው። ንግግሩን እንዳዘጋጅ ተሰጥቶኝ መረጃ ሳሰባስብ ግን ግራ ተጋባሁ። አንዱ ጽሑፍ «በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት» ይላቸዋል፤ ሌላው «የቤኒን ዩኒቨርሲቲ ምክትል ኃላፊ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ታላቅ የሒሳብ ሊቅ» ካለ በኋላ አንድም የሒሳብ ሥራቸውን አያነሣም። የትኛው ነው ትክክል? ደግሞስ ለአሥራ አምስትና ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ስለ እኚህ ሴት ምን ብነግራቸው ነው ከአዳራሹ ከወጡ በኋላም የሚያስታውሱት?»

መልስ

ውድ መምህርት፣ ሦስቱም ጽሑፎች ትንሽ ትንሽ ስተዋል፤ በቀላሉ ከሚቃናው ልጀምር።

«ምክትል ኃላፊ» የሚለው የትርጉም ስሕተት ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት በተቃኙ ዩኒቨርሲቲዎች «ቻንስለር» የሚባለው የክብር ሹም ነው። በናይጄሪያ ይህ ማዕረግ ብዙ ጊዜ ለባህላዊ ነገሥታት የሚሰጥ ሲሆን፣ ባለማዕረጉ በምረቃ ቀን ካባ ደርቦ ከፊት ከመቀመጥ ያለፈ የዕለት ተዕለት ሥራ የለበትም። በጀቱን፣ መምህራኑንና ተማሪውን በእጁ ይዞ የሚያድረው «ቫይስ ቻንስለር» የተባለው ሰው ነው፤ እኛ «የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት» የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰር አሌሌ-ዊሊያምስ የማንም ምክትል አልነበሩም። «ቤኒን» ሲባልም ጎረቤቲቱ የቤኒን ሪፐብሊክ እንዳትመስላቸው ለተማሪዎችዎ አስቀድመው ይንገሩልኝ፤ እዚህ የተባለችው በደቡብ ናይጄሪያ የምትገኘው፣ በጥንት የነሐስ ቅርጻ ቅርጾቿ የታወቀችው የቤኒን ከተማ ናት።

«በአፍሪካ የመጀመሪያዋ» የሚለውም አያስኬድም። ላይቤሪያዊቷ ሜሪ አንቷኔት ብራውን-ሼርማን የላይቤሪያን ዩኒቨርሲቲ የመሩት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1984 ሲሆን፣ አሌሌ-ዊሊያምስ በቤኒን የተሾሙት በ1985 ነው። በናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ግን እርግጥ ነው፤ ክብሩም ለእርሳቸው ይበቃል። የአንዲቱን ታላቅ ሴት ስም ለማግነን የሌላይቱን መሰረዝ መታሰቢያ አይሆንም።

«ታላቅ የሒሳብ ሊቅ» የሚለው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲቀበሉ ከናይጄሪያ ሴቶች የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሆኑ። የጥናታቸው መስክ ግን በስማቸው የሚጠራ አዲስ ቀመር የሚያስገኝ ዓይነት አልነበረም፤ የሒሳብ ትምህርት ነበር፤ ሒሳብ ለልጅ እንዴት ይገባል፣ ሒሳብን የሚያስተምር ሰው እንዴት ይሠለጥናል የሚለው ጥያቄ። ሦስተኛው ጽሑፍ አንድም የሒሳብ ሥራቸውን ያላነሣው ጸሐፊው የፈለገው ንድፈ ሐሳብ ስለነበረ ይመስለኛል፤ ሥራቸው ያለው ግን መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። በእኛ አገር የሙታን የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው መልክ አለው፤ ከእናታቸው ከእገሊት፣ ከአባታቸው ከእገሌ ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ገቡ፣ በቅንነት አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም አረፉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። ያረፉት የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። መድረክ መሪው የሹመትና የኮሚቴ አባልነታቸውን ዝርዝር ለሩብ ሰዓት ያህል አነበበ፤ ስለ ቤተ ሙከራቸው ግን አንድ ቃል አልተነገረም። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ እጃቸውን አውጥተው፣ መምህርቷ ተማሪው የሰበረውን ብርጭቆ በራሳቸው ስም እያስመዘገቡ ከደመወዛቸው ያስቆርጡ እንደ ነበር ተናገሩ። አዳራሹ ያን ጊዜ አለቀሰ። የሹመቱን ዝርዝር ዛሬ አላስታውሰውም፤ የተሰበረው ብርጭቆ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ በንግግርዎ ልደታቸውንና ዕረፍታቸውን ባጭሩ ይለፉት። በኒጀር ዴልታ ባለችው የዋሪ ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1932 ተወለዱ፤ መጋቢት 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው አረፉ። ሌጎስ በሚገኘው ኩዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ያኔ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ በነበረው የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሩ። ከዚህ በኋላ ግን ቆም ይበሉ፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ሥራቸው የእርስዎ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1957 ኤዴ በተባለች ከተማ በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምረዋል። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቬርሞንት፣ ከዚያም በቺካጎ የቆዩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዞር ብለው እርስዎን ቢመለከቱ አይገርመኝም።

ከዶክትሬቱ በኋላ የተሳተፉበት ሥራ እኛንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በተደረገ ስብሰባ፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ለሆነባቸው የአፍሪካ አገሮች አዲስ የሒሳብ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። የመጀመሪያው የጽሕፈት ጉባኤ በ1962 ክረምት በኡጋንዳዋ ኢንቴቤ ስለተካሄደ ሥራው «የኢንቴቤ ሒሳብ» የሚል ስም ወጣለት። ኢትዮጵያም ከተሳታፊ አገሮች አንዷ ነበረች። አሌሌ-ዊሊያምስ ከ1963 እስከ 1975 በተለያዩ የአፍሪካ ከተሞች በተደረጉት እነዚህ የሒሳብ ጉባኤዎች ተካፍለዋል። የአዲሱ ሒሳብ ሐሳብ ልጅ አንድ ሁለት ብሎ ከመቁጠሩ በፊት ስብስብንና ማዛመድን ይረዳ የሚል ነበር። በእኛ ቤት ቢታይ እንዲህ ነው፦ እንግዶች ተቀምጠው ቡና የምታቀርብ ልጅ የእንግዶቹንም የስኒዎቹንም ቁጥር ሳታውቅ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ስኒ ታድላለች። ሁሉም ከተቀበለ በኋላ ረከቦቱ ላይ ስኒ ከተረፈ ስኒው ይበልጣል፤ አንድ እንግዳ ባዶ እጁን ከቀረ ደግሞ እንግዳው ይበልጣል። ልጅቱ አንድም ቁጥር ሳትጠራ የሒሳብን መሠረት አገኘችው።

ሐሳቡ ውብ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ብዙ ተነቅፏል፤ ይህንንም ከተማሪዎችዎ አይሸሽጉ። መጽሐፉ ከመምህሩ ቀድሞ ክፍል ገባ። ስለ ስብስብ ሰምቶ የማያውቅ የአንደኛ ደረጃ መምህር ቅንፉንና ምልክቱን ያለ ትርጉሙ በቃል አስጠና፤ ወላጅም ልጁ ማባዛት ሲያቅተው ባየ ጊዜ «ይህ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?» አለ። በናይጄሪያ ክርክሩ እየጋለ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1977 የፌዴራሉ መንግሥት ዘመናዊ ሒሳብ የሚባለውን ከትምህርት ቤቶች አስወጣው። አሌሌ-ዊሊያምስ የደከሙበት ሥራ ቢያንስ በስሙ በገዛ አገራቸው ተሻረ ማለት ነው።

እኔ በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ግን ከዚህ ጎን ለጎን በሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩት የነበረውን ነው። በዚያ የትምህርት ኢንስቲትዩቱን ለዐሥር ዓመት መርተዋል። በዚያም ጊዜ የሠርተፍኬት ፕሮግራሞችን አስጀመሩ፤ ከእነዚህም በብዛት የተጠቀሙት በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሴቶች ነበሩ። ልጅ ወልደው፣ ቤት ይዘው፣ «የእኔ ትምህርት ከእንግዲህ አበቃ» ብለው የተቀመጡ ሴቶች የዩኒቨርሲቲውን በር ገፍተው ገቡ። የኢንቴቤው መጽሐፍ የጎደለው የሠለጠነ መምህር ነበር፤ እርሳቸው የያዙትም ያንኑ ቀዳዳ ነበር። «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ስለ እነዚህ ሴቶች ምንም አይነግረንም፤ ያስቀየመኝም ለዚህ ነው። የመጀመሪያ መሆን ከፊት ማንም እንዳልነበረ እንጂ ከኋላ ማን እንደ ተከተለ አይናገርም።

ስለ ቤኒን ዘመናቸው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ስላሉት ስድስት ዓመታት፣ በዕረፍታቸው ጊዜ ብዙ የተወራው በግቢው ውስጥ ስለ ነበሩ ኅቡዕ የተማሪ ቡድኖች ነው። የዚህ ነገር አመጣጥ ያስገርማል። በናይጄሪያ የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት ማኅበር በ1952 በሰባት ተማሪዎች የተቋቋመው በዚያው በኢባዳን ኮሌጅ፣ አሌሌ-ዊሊያምስ ራሳቸው እዚያ ተማሪ ሳሉ ነበር፤ ዓላማውም የቅኝ ገዥዎችን ወግና የጎሣ መከፋፈልን መቃወም ነበር። እርሳቸው ቤኒን ሲደርሱ ግን ከዚያ ወዲህ በየግቢው የበቀሉት ቡድኖች እርስ በርስ የሚጋጩና ተማሪውንም መምህሩንም የሚያስፈራሩ ሆነው ነበር። ፕሮፌሰሯ ለእነዚህ አለመንበርከካቸው ዛሬም በአክብሮት ይነሣላቸዋል። ያም ሆኖ «የብረት እመቤት» እያሉ በዚህ ብቻ ማሳነሱ አይመቸኝም።

ከዚያ የማያንሰው ፈተና ገንዘብ ነበር። ናይጄሪያ በ1986 የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም የተባለውን፣ የመንግሥትን ወጪ የሚቀንስ የኢኮኖሚ ለውጥ ጀምራ የገንዘቧ የናይራ ዋጋ ሲያሽቆለቁል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው የቤተ ሙከራ ኬሚካልና የምርምር መጽሔት ከዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ ሆነ፤ ጎበዝ መምህራንም ወደ ውጭ መፍለስ ጀመሩ። በ1989 ተማሪው ፕሮግራሙን ተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ መንግሥት የቤኒንን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችን ዘጋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሰው በተማሪውና በመንግሥት መካከል ይሰነጋል፤ አንዱ ከዳኝ ይላል፣ ሌላው አልታዘዘኝም ይላል። ይህን ለልጆቹ በዝርዝር መንገር ላያስፈልግ ይችላል፤ ከመምህራኑ መካከል ግን የሚገባው አይጠፋም።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የአፍሪካ የሒሳብ ኅብረት በአኅጉሩ ያሉ ሴቶችን በሒሳብ የሚያበረታታ ኮሚሽን ሲያቋቁም ሊቀ መንበርነቱን የያዙት እርሳቸው ነበሩ። ንግግርዎ ለክበብ ስለሆነ ይህችን አይዝለሏት።

ስለ ስማቸውም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉት ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ በእነርሱ ዘንድ መለወጥ የተለመደ ነው። አሌሌ የትውልድ ቤተሰባቸው ስም ሲሆን ዊሊያምስ የባላቸው ነው፤ ትዳር የመሠረቱት ዶክትሬታቸውን ባገኙበት በ1963 ሲሆን ሁለቱንም ስም አጣምረው ይዘዋል። ቦታ ጠበበ ብለው አንዱን እንዳይቆርጡባቸው።

የንግግሩን ርዝመት በተመለከተ፣ ከሃያ ደቂቃ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ግማሹን ለሌጎሶቹ መምህርቶችና ለኢንቴቤው ክርክር ይስጡት። በቀረው ጊዜ ሁለት ልጆች አስነሥተው የስኒውን ነገር መድረክ ላይ ያሠሯቸው፤ ረከቦቱንም ከመምህራን ክበብ ቢዋሱ የሚከለክልዎት አይኖርም።