ለጥምቀት ከስር ታጭዶ የቀረው ሳር

አንድ የባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ነዋሪ እንዲህ ብለው ጠየቁን፦ «የግቢዬን ሳር ለጥምቀት ከስር አሳጨድኩት። ቡናማ ሲሆንብኝ ዩሪያ በተንኩበት፤ ማታ ማታም በጎማ እረጨዋለሁ። ጭራሽ ባሰበት። ድሮ ሲረግጡት ስምጥ የሚል ወፍራም ሳር ነበር። ምን በልቶት ነው?»

የበላው ነገር ያለ አይመስለኝም። ስምጥ ይል ነበር ካሉ ሳሩ ኪኩዩ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሰርዶ አይደለም። ሰርዶ ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ሳይታጨድ ከቆየም ከአንድ ነጥብ የሚዘረጉ ከ3 እስከ 6 ቀጫጭን የዘር ጣቶች ያወጣል። ኪኩዩ ግን ቅጠሉ ሰፋ ያለና ጸጉራም፣ ሐረጉም ወፍራም ነው። አረንጓዴው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ከስሩ ያለው የሐረግ ድርብርብ ብርሃን ስለማያገኝ ድሮም ቡናማ ነው። እርስዎ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው አነሱለት፤ ያውም ጠብታ ዝናብ በሌለበት በጥር። ዩሪያው ደግሞ ውሃ ባልጠገበ አፈር ላይ ያቃጥላል።

ለማረጋገጥ ቡናማው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉና አንድ ጭብጥ ሳር ወደ ላይ ይሳቡ። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሳ ስሩ ተበልቷል ማለት ነው። አፈሩን ጫር ጫር ቢያደርጉት የተቆለመመ ነጭ ትል ያገኛሉ፤ የጢንዚዛ እጭ ነው። አልነሳም ካለ ሐረጉን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሳሩ በሕይወት አለ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን ሞቷል።

ዩሪያውን ለጊዜው ይርሱት። የማታ ርጨቱንም ይተዉት፤ ላዩን ብቻ ያረጥባል፣ ሌሊቱን እርጥብ ማደሩም ለሻጋታ ይመቻል። በሳምንት ሁለቴ ጠዋት ላይ አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል እስኪርስ ያጠጡት። ቀጭን ፌሮ ሲሰኩ በቀላሉ ከገባ ርሷል። መሬትዎ ዋልካ ከሆነ ውሃው ቶሎ ስለማይሰርግ አጠጥተው፣ ትንሽ ቆይተው ይድገሙት።

አዲስ ቅጠል እስኪሸፍነው ማሽን አይንካው። ከዚያ በኋላም በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አያሳጭዱ፣ አትክልተኛው «ቶሎ ስለሚያድግ ከስሩ ይታጨድ» ቢልዎትም። ለበዓል አጠር እንዲል ከፈለጉ ከሳምንታት በፊት ጀምረው ቀስ በቀስ ያስቀንሱት።

የሞተውን ቦታ ነቅለው ያጽዱና ሰኔ ዝናቡ ሲገባ ከጤነኛው ጠርዝ ሐረግ ቆርጠው ይትከሉበት። ዘር መግዛት አያስፈልግዎትም።