አምፖል ቀይሬ ስድብ ተረፈኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ነው የምነዳው፣ አብዛኛው ሥራዬም ሌሊት ነው። የፊት መብራቴ ከመድከሙ የተነሳ ኩራዝ ይዤ የምሄድ እስኪመስለኝ ደርሼ ነበር። ረዳቴ ሲነዘንዘኝ ከርሞ ባለፈው ወር የኤች 4 ሃሎጂን አምፖሉን አውጥቼ የኤልኢዲ አምፖል አስገባሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ፊት ለፊቴ ቀን ሆነ። አሁን ግን ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ ይሰድበኛል። እኔ እኮ አጭሩን ነው ያበራሁት! ይባስ ብሎ ሩቅ ያለውን ነገር እንደ ድሮው እንኳ ማየት አቃተኝ። ሻጩ “ከፋብሪካው ሁለት እጥፍ ያበራል” ብሎኝ ነበር። ምን ይሻለኛል? ወደ ዜኖን ልሂድ ወይስ ባለ 100 ዋቱን ሃሎጂን ልሞክር?
የሌሊት ሹፌር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ሻጩ ምናልባት አልዋሸህም፣ የሚሰድቡህም ልክ ናቸው። ብርሃኑ በዝቷል፣ መድረሻው ነው የተበላሸው።

አሮጌውን ኤች 4 ካልጣልከው አውጣና ጠጋ ብለህ እየው። ውስጡ ሁለት ክር አለ፣ አንዱ ለረጅሙ አንዱ ለአጭሩ። ከአጭሩ ክር ሥር ማንኪያ የመሰለች ትንሽ ብረት ታያለህ። የእሷ ሥራ ብርሃኑ የአንጸባራቂው (ከአምፖሉ ጀርባ ያለው የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ) የታችኛው ግማሽ ላይ እንዳያርፍ መከልከል ነው፤ እዚያ ካረፈ ወደ ላይ ተወርውሮ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። አንጸባራቂው ራሱ የተቀረጸው ክሩ የሚቀመጥበት ቦታ በሚሊሜትር ታውቆ ነው። ኤልኢዲው ግን ክር የለውም። በግራና በቀኝ የተለጠፉ ጠፍጣፋ አብሪ ቁራጮች ናቸው፣ በመሃላቸው ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣ ብረት አለ። ስለዚህ ብርሃኑ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይነሳል። ያቺ ትንሽ ፈቀቅታ ናት 50 ሜትር ላይ ስትደርስ የሰው ፊት ላይ የምታርፈው።

አልደብቅህም፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ኤልኢዲውን አስገብቼ በኩራት ወረድኩና 30 እርምጃ ያህል ወደ ፊት ሄጄ፣ ዞር ብዬ የትንሽ መኪና ሹፌር በሚቀመጥበት ከፍታ ጎንበስ አልኩ። መኪናዬ ጠፋችኝ። ሁለት ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ጎማ የለ፣ ታርጋ የለ። ረዳቴ ከጎኗ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝልኝ እንደነበር እንኳ የሰማሁት በኋላ ከራሱ ነው። ቀና ስል ደግሞ የዛፎቹ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል። በአጭር መብራት!

ሩቁን ማየት አቃተኝ ያልከውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከመኪናህ አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት ሲነጣ የዓይንህ ብሌን ይጠብባል፣ ያኔ ጨለማው ወዳለበት ሩቅ ስታይ የባሰ ጥቁር ይሆንብሃል። ያ “ቀን ሆነ” ያልከው ነገር ነው የሸወደህ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ብርሃን ደግሞ ከቢጫማው ይልቅ የፊት ለፊቱን ሰው ዓይን ይረብሻል።

ዜኖንም (በጋዝ ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚበራው አምፖል) ክር የለውም፣ ለሃሎጂን የተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ስታስገባው በሽታው ያው ነው፣ መጠኑ ግን ይብሳል። ያንተ ኤች 4 በአጭሩ 1,200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፤ ባለ 35 ዋት ዜኖን ወደ 3,200 ይጠጋል። በአውሮፓ ደንብ አጭር መብራቱ ከ2,000 ሉመን የሚያልፍ አምፖል ያለው መኪና የመብራቱን ከፍታ በራሱ የሚያስተካክልና የመብራቱን መስታወት የሚያጥብ መሣሪያ እንዲኖረው የሚገደደው ለዚህ ነው። ባለ 100 ዋቱን በአጭሩ ልለፈው። መደበኛው የ24 ቮልት ኤች 4 75/70 ዋት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ አንጸባራቂው ይጠቁራል፣ ቀጭኑ ሽቦም ይግላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አሮጌው መብራትህ የደከመው አምፖሉ ትንሽ ስለሆነ አይመስለኝም። ኤልኢዲውን አውጣ፣ አዲስ መደበኛ ሃሎጂን በጥንድ ግዛ፣ ስታስገባ የአምፖሉን መስታወት በጣትህ አትንካው፣ የእጅህ ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን አብራ፣ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዝ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፣ ቀጥሎ አምፖሉ እንደበራ እዚያው ሶኬቱ ላይ ለካ። ባትሪው ላይ 28 ቮልት አግኝተህ አምፖሉ ጋ 25 ብቻ ከደረሰ 3 ቮልት መንገድ ላይ ተበልቷል ማለት ነው። 3 ቮልት ምን አላት እንዳትል። የሃሎጂን ብርሃን ከቮልቱ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ በዚህች ብቻ ከብርሃንህ ሲሶው ሄዷል። ሌባው ብዙ ጊዜ የዛገ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ)፣ የላላ ሶኬት ወይም የተቃጠለ የማብሪያ መነካኪያ ነው። ማሳውን አጽድተህ እሰር። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ ኤሌክትሪሺያንህ ከባትሪው ወፈር ያለ ሽቦ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኮረንት ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ያምጣልህ፤ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዝዛል። እኔ ይህን ያሠራሁ ዕለት አዲስ አምፖል የተገዛልኝ ነው የመሰለኝ።

የመብራቱን የፊት መስታወት ደግሞ በቀን ብርሃን እየው። ፕላስቲክ ከሆነና ቢጫ ካለ ወይም ካደበዘዘ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የተረፈውንም ይበትነዋል። በውሃ እየራሰ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተኬደ ይታሻል፤ መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቅብ ካልተቀባ ግን ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይደበዝዛል። አንጸባራቂው ራሱ ከተላጠ ምንም አትድከም፣ ሙሉውን ቀይረው።

የመጨረሻው ሥራ ማስተካከል ነው፣ ይሄን ያልሠራ ሰው ምንም አልሠራም። ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቅና አቁም። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለካና ግድግዳው ላይ በዚያው ልክ ምልክት አድርግ። አጭሩን ስታበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ ዝቅታው በመቶኛ ይለካል፣ 1 በመቶ ማለት እዚህ ርቀት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። የመኪናህ ወይም የመብራቱ ጽሑፍ ላይ በመቶኛ የተጻፈ ካለ እሱን ተከተል። የጭነት መኪና መብራት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከትንሽ መኪና ይበልጥ ዝቅ ይደረጋል፤ ከ1 ሜትር በላይ ለሆነ መብራት 1.5 በመቶ የተለመደ መነሻ ነው። ጭነት ስትጭን ኋላው ተጫነ፣ ፊቱ ቀና አለ ማለት ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ከ0 እስከ 3 የምታዞራት ቁልፍ ካለችህ የተሰጠችህ ለዚህ ነው። ስንት ሹፌር ሬድዮ ነው ብሎ እንደተዋት ብነግርህ!

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካነሰህ ፋብሪካው ኤልኢዲ አድርጎ የሠራውን፣ ለመኪናህ የተፈቀደ ሙሉ መብራት ከነቤቱ ግዛ። አምፖሉን ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የትንሽ መኪና ሹፌር ነኝ፣ በሌላ አነጋገር ተጎጂው። እንዲህ ያለ መብራት ከፊት ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ረጅሙን በማብራት አትበቀል። ሁለታችሁም 80 እየነዳችሁ ከሆነ በ1 ሰከንድ 44 ሜትር ያህል ትቀራረባላችሁ፣ እሱንም ማሳወር ለማንም አይበጅም። መብራቱ ከሩቅ ሲታይህ ፍጥነት ቀንስና ዓይንህን ወደ ራስህ ጥግ፣ ወደ መንገዱ ጠርዝ መስመር አዙር። ከኋላ ከመጣብህ የውስጥ ስፖኪዮውን በታችኛዋ ምላስ አዘንብለው። ደግሞ የፊት መስታወትህን ውስጠኛ ጎን ዛሬ ማታ ሳትወጣ ጥረገው፤ የሚሸፍነው ስስ ቅባት ቀን አይታይም፣ ሌሊት ግን አንዱን መብራት አሥር ያደርገዋል።